የአዲስ–ጅቡቲ ባቡር፦ የመሬቱን ክፍል አብረን እንጨርስ

አወያይ፦ ወገኖች፣ ስለ አዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር አብረን ከምንጽፈው የጋራ ሐሳብ የቀረው የመሬቱ ጉዳይ ነው። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር መደበኛ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ነው። መሬቱ ሲወሰድ የሚሠራበት አዋጅ 455/1997 ነበር። በእሱ መሠረት ከመሬቱ ለተነሣው ገበሬ ካሳ ሲታሰብ፣ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ይባዛ ነበር። አዋጅ 1161/2011 ወደ አሥራ አምስት እጥፍ አሳደገው፤ ያውም ከሦስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ ይዞ። ደግ ነው። ግን ስሌቱ የሚያየው የተወሰደውን መሬት ነው። የተዘጋው መንገድስ?

ከሚኤሶ፦ እኛ ጋ ዋናው ነገር እሱ ነው። ግጦሹ ከሐዲዱ ወዲያ፣ ውሃው ወዲህ የሆነበት ሰው አለ። ከብትና ግመል ይገጫል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚበር ባቡር ፍሬን ቢይዝም ወዲያው አይቆምም። ለጎርፍ የተሠራ ቱቦ ደግሞ መሻገሪያ አይባልም፤ ግመል በዚያ አያልፍም። «በቂ መሻገሪያ ይሠራ» ብለን እንዳናልፈው። ቁመቱ በግመል ይለካ። ቦታውም እረኞቹ ሳይጠየቁ አይመረጥ።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦ ልክ ነው ጋሼ። አንድ ልጨምር። ኤሌክትሪክ ባቡር መሬት የሚወስደው ሁለቴ ነው፤ አንዴ ለሐዲዱ፣ አንዴ ለኃይሉ። ከሐዲዱ በላይ ያለው ሽቦ 25 ኪሎ ቮልት ነው። እሱን የሚመግቡ ማከፋፈያ ጣቢያዎች አሉ፤ ወደ እነሱ ኃይል የሚያመጡ ትልልቅ ምሰሶዎችም አሉ። ማሳው መሃል ምሰሶ የተተከለበት ገበሬ ባቡሩን በዓይኑ ላያየው ይችላል። መሬቱ የሄደው ግን ለባቡሩ ነው። ወደፊት በሚሠራ አዲስ መስመር ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ይጠኑ፣ ካሳውም አብሮ ይታሰብ።

ከድሬዳዋ፦ ኧረ ጣቢያውም አይረሳ! የድሮው መሃል ከተማ ነበር፣ አዲሱ ከከተማ ወጣ ብሏል። ዕቃ ይዛ ልጅ ያዘለች እናት እዚያ ለመድረስ ሌላ ትራንስፖርት ትከፍላለች። ወደ ጣቢያ የሚያስገባው መንገድ ከሐዲዱ ጋር በአንድ ጊዜ ይከለል። ዙሪያው በሊዝ ካለቀ በኋላ ማን መንገድ ያወጣል?

አወያይ፦ ሦስቱም ይገባሉ፤ የእንስሳት መሻገሪያው ግን ይቅደም፣ የሰው ኑሮ እዚያ ላይ ነውና። እንዲህ ብጽፈውስ? «ሐዲድ በሚያልፍበት ሁሉ ነዋሪው የመሻገር መብቱ ይጠበቅ፤ መሻገሪያው ግንባታው ሳይጀመር በካርታ ላይ ይታይ።» ጋሼ፣ የመሻገሪያውን ቁመት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግረው ይላኩልን። እሑድ ማታ ረቂቁን እዘጋዋለሁ።