የእግር ኳስና የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን የአካል ብቃት በምን መለኪያ ላወዳድር?

ጥያቄ፦ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ድሬዳዋ

የተከበራችሁ አባላት፣ በሳቢያን አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ስሆን፣ የእግር ኳሱንም የቅርጫት ኳሱንም ቡድን የማሠለጥነው እኔው ነኝ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ዓመቱን ሙሉ የማይበርድ ክርክር አለ። እግር ኳሰኞቹ «ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የሚሮጥ ሰው ከማንም የበለጠ ስፖርተኛ ነው» ይላሉ፤ ቅርጫት ኳሰኞቹ ደግሞ «ከሁለት ሜትር በላይ ቁመትና ከመቶ ኪሎ በላይ ክብደት ይዞ እንደ ሌብሮን ጄምስ የሚዘል ሰው በእግር ኳስ ሜዳ ላይ አሳዩን» እያሉ ይሞግታሉ። ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስቸገርኋችሁ። በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ግን ለሁለቱም ቡድኖች የጋራ የአካል ብቃት ልምምድ ልጀምርና ተማሪዎቹን በውጤታቸው ልመድብ ስላሰብሁ፣ የምጠቀምበት መለኪያ ለአንዱ ወገን የሚያደላ እንዳይሆን እፈልጋለሁ።

እስካሁን የ12 ደቂቃውን የኩፐር ሩጫ ሳስሮጣቸው እግር ኳሰኞቹ በሰፊ ልዩነት ቀደሙ፤ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ምልክት እያስደረግሁ ዝላያቸውን ስለካ ደግሞ ቅርጫት ኳሰኞቹ በለጡ። በዚህም ሁለቱም ወገን ማስረጃ አገኘና ክርክሩ ባሰበት። በእጄ ያለው መሣሪያ ሜትር፣ ፊሽካ፣ ጠመኔና የስልክ ሰዓት መቁጠሪያ ነው፤ የእግር ኳስ ሜዳችን አፈር፣ የቅርጫት ኳስ ሜዳችን ሲሚንቶ ነው፤ የድሬን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ለሁለቱም ፍትሐዊ የሚሆነው መለኪያ የትኛው ነው? በፕሮፌሽናል ደረጃ ያሉት ተጫዋቾችስ በእርግጥ በምን በምን ይበላለጣሉ?

መልስ፦ የወጣቶች እግር ኳስ አሠልጣኝ፣ ሐረር

መምህር፣ የኩፐር ሩጫ ለእግር ኳሰኛ ማድላቱ የሚያስገርም አይደለም። በከፍተኛ ደረጃ የሚጫወት የእግር ኳስ ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ በአብዛኛው ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ከሁሉም ብዙ የሚሮጡት አማካዮች ሲሆኑ የመሀል ተከላካዮች ከእነሱ ዝቅ ይላሉ። ሜዳው 105 በ68 ሜትር ነው፤ አሠልጣኙ መቀየር የሚችለው ቢበዛ አምስት ተጫዋች ነው፤ አንድ ጊዜ የወጣም አይመለስም። እንዲህ ያለ ጨዋታ ልብና ሳንባው ቶሎ የማይደክም ሰው ይፈልጋል። ሰውነት በከፍተኛ ጥረት ጊዜ የሚጠቀመው ኦክስጅን ሲለካ፣ የፕሮፌሽናል እግር ኳሰኞች ውጤት በአመዛኙ ለአንድ ኪሎ ክብደት በደቂቃ ከ55 እስከ 65 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ቅርጫት ኳሰኞች በአማካይ ከዚህ ጥቂት ያንሳሉ።

ይህን ስል ግን እግር ኳስ የጽናት ጨዋታ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። የቶተንሃሙ ተከላካይ ሚኪ ፋን ደ ፈን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከብሬንትፎርድ ጋር በተደረገው ጨዋታ በሰዓት 37.38 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ተመዝግቧል፤ ሰውየው ደግሞ 1.93 ሜትር የሚረዝም ነው። ቅርጫት ኳሰኛ እንዲህ ዓይነት ፍጥነት ላይ ልድረስ ቢል 28 ሜትር ርዝመት ያለው ሜዳ አይበቃውም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ያለማመንታት እግር ኳሰኛውን እመርጣለሁ። ድሬዎችም ይህን ሊክዱ አይገባም፤ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ግጥሚያዎችን ያስተናገደው እኮ የእናንተው ስታዲየም ነው።

መልስ፦ የቀድሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ ከዚራ

የሐረሩን አሠልጣኝ በአክብሮት እቃወማለሁ። የኩፐር ሩጫ 12 ደቂቃ ሙሉ በአንድ ወጥ እርምጃ የሚሮጥ ሩጫ ነው፤ በቅርጫት ኳስ ውስጥ እንዲህ የሚሮጥ ሰው የለም፤ እውነቱን ለመናገር በእግር ኳስም የለም። አንድ ቡድን ኳስ ከያዘ በ24 ሰከንድ ውስጥ መሞከር ስላለበት፣ ተጫዋቹ በየሁለትና በየሦስት ሰከንዱ የእንቅስቃሴውን ዓይነት ይቀያይራል፤ ይፈተለካል፣ ድንገት ይቆማል፣ በጎን እየተንሸራተተ ይከላከላል፣ ይዘላል፣ ከቅርጫቱ ሥር ከሰው ጋር ይገፋፋል። በኤንቢኤ (በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ የሚሸፍነው 4 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው ብሎ መናቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዓመት 82 ጨዋታ እንደሚያደርግ፣ አንዳንዴም በሁለት ተከታታይ ቀናት እንደሚጫወት አብሮ መታሰብ አለበት።

ስለ ዝላይም ክብደት ካልታሰበ ንጽጽሩ ጎደሎ ነው። ክርስቲያኖ ሮናልዶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ሳምፕዶሪያ ላይ በግንባሩ ያገባውን ግብ ሁላችንም አይተናል፤ ኳሱን የገጨው 2.56 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑ በሰፊው ተዘግቧል፤ ድንቅ ዝላይ ነው። ነገር ግን 75 ኪሎ የሚመዝን ሰውና 113 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሁለቱም 70 ሳንቲ ሜትር ቢዘሉ፣ ከባዱ ሰው ሰውነቱን ለማንሳት የሠራው ሥራ ከቀላሉ ሰው በግማሽ ያህል ይበልጣል። 113 ኪሎ ሌብሮን ጄምስ ለረጅም ጊዜ የተመዘገበበት ክብደት ነው። መምህር፣ ዝላዩን ሲለኩ የልጆቹን ክብደት አብረው ይጻፉ።

መልስ፦ የስፖርት ሳይንስ ምሩቅ፣ ድሬዳዋ

በሁለታችሁም ቁጥሮች ላይ ክርክር የለኝም። እኔ እንደማየው ግን ክርክሩ የማያልቀው ሁለት ነገሮች ስለሚደባለቁ ነው፤ አንዱ ጨዋታው መርጦ የሚያመጣው አካል ነው፣ ሌላው ልምምድ የሚሠራው ብቃት ነው። በኤንቢኤ ያለ ተጫዋች አማካይ ቁመት ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፤ ይህንን ማንም በልምምድ አላገኘውም፤ 3.05 ሜትር ላይ የተሰቀለ ቀለበት ረጃጅሞችን መርጦ ሰበሰባቸው እንጂ። 1.60 ሜትሩ መግሲ ቦግስ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ለዓመታት በዚያ ሊግ መጫወቱ ዛሬም የሚወራው ከደንቡ የወጣ በመሆኑ ነው። እግር ኳስ ግን 1.70 ሜትሩን ሜሲንም 2.00 ሜትሩን ግብ ጠባቂ ኩርቱዋንም በአንድ ሜዳ ያጫውታል። እንግዲህ «ማን ይበልጣል?» ተብሎ ፕሮፌሽናሎቹ ሲወዳደሩ፣ ከሚለካው ልዩነት ትልቁ ድርሻ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት የነበረ ልዩነት ነው።

በልምምድ የሚሠራው ብቃት ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው እንደሚሻገር ማስረጃ አለን። በኋላ የኤንቢኤ ኮከብ የሆነው ሃኪም ኦላጁዎን ሌጎስ ውስጥ እግር ኳስ በግብ ጠባቂነት፣ እንዲሁም እጅ ኳስ ይጫወት ነበር፤ ቅርጫት ኳስ የጀመረው በ15 ዓመቱ አካባቢ ነው፤ ከቅርጫቱ ሥር ተከላካይ የሚያሳስትበት የእግር አጣጣሉም ከእነዚያ ጨዋታዎች የመጣ እንደሆነ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋች የተባለው ስቲቭ ናሽም ያደገው በእግር ኳሰኛ ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ ወንድሙ ለካናዳ ብሔራዊ ቡድን ተጫውቷል።

አሁን ወደ መምህሩ ሥራ ልግባ። ሁለቱም ጨዋታዎች የሚጋሩት ፍላጎት አጭርና ፈጣን ሩጫን፣ ድንገተኛ መዞርንና ሳያርፉ መድገምን ነው። በሁለቱም አንድ ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ ውስጥ እንቅስቃሴውን አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይቀያይራል። ስለዚህ ዋና መለኪያ እንዲሆን የምመክረው የተደጋጋሚ ሩጫ ፈተና ነው። 20 ሜትር ለክተው ሁለት መስመር ያስምሩ፤ ተማሪው 20 ሜትር ሮጦ መስመሩን በእግሩ ነክቶ ይመለሳል፤ 20 ሰከንድ ያርፋል፤ እንዲህ እያለ ስድስት ጊዜ ይደግማል። ከስድስቱ የተሻለውን ሰዓት በስድስት ያባዙና ከስድስቱ ድምር ጋር ያስተያዩት። ለምሳሌ የአንድ ልጅ ምርጥ ሰዓት 7.2 ሰከንድ ቢሆን፣ በስድስት ሲባዛ 43.2 ይሆናል፤ የስድስቱ ድምር 45.6 ከሆነ ከራሱ ምርጥ አቅም 5.6 በመቶ ወርዷል ማለት ነው። በዚህ አንድ ፈተና ፍጥነቱንም መድከሙንም ለየብቻ ያያሉ። ሰዓት የሚይዘው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ይሁን፤ በእጅ የሚያዝ ሰዓት ከሰው ሰው ይለያያልና።

ለጽናት ደግሞ ኩፐርን ይተውና ዴንማርካዊው ጄንስ ባንግስቦ ያዘጋጀውን የዮዮ ፈተና ይጠቀሙ። እሱም 20 ሜትር ደርሶ መመለስ ነው፤ በየምልልሱ መካከል 10 ሰከንድ እረፍት አለው፤ ፍጥነቱ በድምፅ ምልክት እየጨመረ ይሄዳል፤ ድምፁን በስልክ መክፈት ይቻላል። ቆም እያለ የሚሮጥ በመሆኑ ከሁለቱም ጨዋታዎች ባሕርይ ጋር ይስማማል።

ስለ ዝላዩ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ተማሪው ከመዝለሉ በፊት ቆሞ የሚደርስበትን ከፍታ ለክተው ይቀንሳሉ? ካልቀነሱ የለኩት ቁመቱን ነው።

የጠያቂው ምላሽ

እቀንሳለሁ። ነገር ግን ቆመው ሲለኩ አንዳንዶቹ ትከሻቸውን ሰብሰብ አድርገው እጃቸውን በሙሉ እንደማይዘረጉ አስተውያለሁ፤ ከታች በሸሸጓት ልክ ዝላያቸው ከፍ ብሎ ይታያል። ይህን ብልሃት ከሁሉም ቀድመው ያወቁት ደግሞ ቅርጫት ኳሰኞቹ ናቸው።

መልስ፦ የስፖርት ሳይንስ ምሩቅ፣ ድሬዳዋ

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፊታቸውን ሳይሆን ጎናቸውን ወደ ግድግዳው ያዙሩ፤ ተረከዛቸው መሬት እንደነካ፣ የላይኛው ክንዳቸው ጆሮአቸውን እስኪነካ ድረስ ይዘርጉ፤ ምልክቱን የሚያየው እርስዎ ወይም የሌላው ቡድን ተማሪ ይሁን። ሦስት ጊዜ ዘለው የተሻለው ይያዝላቸው።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ሐረር

ስለ ሙቀቱና ስለ ሜዳው ጥቂት ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2014 በብራዚል በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ሙቀቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ በየአጋማሹ የሦስት ደቂቃ የውኃ እረፍት ይሰጥ ነበር፤ እነዚያ ተጫዋቾች ሐኪም አጠገባቸው ያለ ፕሮፌሽናሎች ናቸው። ድሬዳዋ ላይ የድካም ፈተና በቀትር መስጠት አይገባም፤ ማለዳ ይሁን፤ ሁለቱም ቡድኖች በተመሳሳይ ሰዓት ይፈተኑ። አንዱ ቡድን ጧት ሌላው ከሰዓት በኋላ ከተፈተነ ያወዳደራችሁት ሙቀቱን ነው። በዚሁ ምክንያት የድሬን ልጆች ውጤት ከሐረር ልጆች ጋር በጥሬው ማስተያየት አይቻልም፤ እኛ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፣ እናንተ 1,200 አካባቢ ናችሁ፤ እኛ ጋ አየሩ ይሳሳል፣ እናንተ ጋ ይሞቃል።

ሁሉም በአንድ ዓይነት መሬት ላይ ይሩጡ። የቅርጫት ኳስ ሜዳችሁ 28 ሜትር ከሆነ፣ 20 ሜትሩን መሀል ላይ ብታሰምሩ በየጫፉ 4 ሜትር ስለሚተርፍ ለመቆሚያ ይበቃል፤ እግር ኳሰኞቹም ታኬታቸውን አውልቀው ጎማ ጫማ ያድርጉ። ሲሚንቶ ጉልበት ላይ ይከብዳልና ዝላይና ሩጫ በተከታታይ ቀናት አይደራረቡ። በቅርጫት ኳስ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ቁርጭምጭሚት ነው፤ በእግር ኳስ የኋላ ጭን ጡንቻ። ሳያሟሙቁ በሙሉ ፍጥነት መሮጥ ሁለቱንም ያጋልጣል።

ጥያቄ፦ ወላጅ፣ ለገሃሬ

በዚሁ አጋጣሚ ልጠይቅ። የ16 ዓመት ልጄ ቁመቱ 1.88 ሜትር ደርሷል፤ እግር ኳስ ነው የሚወደው። ሰው ሁሉ «ይህን ቁመት አታባክን፣ ወደ ቅርጫት ኳስ ግባ» እያለ ያስጨንቀዋል። ጊዜው አልፎበታል ወይስ ይሞክር?

መልስ፦ የወጣቶች እግር ኳስ አሠልጣኝ፣ ሐረር

ወንድሜ፣ በዚያ ቁመት እግር ኳስ ውስጥም ቦታ ሞልቷል፤ የመሀል ተከላካይና ግብ ጠባቂ የሚፈለገው እንዲህ ያለ ልጅ ነው። ኦላጁዎንም ከላይ እንደተባለው በ15 ዓመቱ አካባቢ ስለጀመረ ጊዜው አላለፈበትም። ሁለቱንም ይጫወት፤ ምርጫውን ለሱ ተውለት፤ ቁመቱ የትም አይሄድበትም።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዝላዩን፣ የተደጋጋሚ ሩጫውንና የዮዮውን ፈተና ማለዳ ከትምህርት በፊት፣ በሲሚንቶው ሜዳ ላይ፣ በተለያዩ ቀናት አደርጋቸዋለሁ። አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የሦስቱን ውጤት ደምሬ አጠቃላይ ደረጃ ላውጣላቸውና በዚያ ልመድባቸው?

መልስ፦ የስፖርት ሳይንስ ምሩቅ፣ ድሬዳዋ

አይደምሩት። ሴንቲ ሜትርና ሰከንድ አይደመሩም፤ ወደ ነጥብ ለውጠው ቢደምሩም ለየትኛው ፈተና ስንት ነጥብ እንደሚሰጥ የሚወስኑት እርስዎ ስለሆኑ አሸናፊውን አስቀድመው መርጠው ያርፋሉ፤ ክርክሩም ከሜዳ ወደ እርስዎ ቢሮ ይዛወራል። ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ያዘጋጁና እያንዳንዱን ተማሪ ደካማ በሆነበት ዓምድ ይመድቡት። ዝላይ ያነሰው እግር ኳሰኛና ዝላይ ያነሰው ቅርጫት ኳሰኛ በአንድ ላይ ዝላይ ይሥሩ፤ ቶሎ የሚደክሙትም እንዲሁ። ሴቶችንና ወንዶችን በየራሳቸው ሠንጠረዥ ያስፍሩ፤ የ9ኛ ክፍሉን ልጅ ከ12ኛ ክፍሉ ጋር አያስተያዩ፤ በዚህ ዕድሜ የአንድ ዓመት ዕድገት ከአንድ ዓመት ልምምድ የበለጠ ሊታይ ይችላልና። በመንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ ላይ ያንኑ ፈተና በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት ይድገሙትና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፉት ማን ስንት እንዳመጣ ሳይሆን ማን ከራሱ ምን ያህል እንደተሻሻለ ይሁን።