ሰርትራሊንን ከ8 ዓመት በኋላ ማቆም፦ የዓምናው ሥቃይ እንዳይደገምብኝ ምን ላድርግ?

የአዳማዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ሰርትራሊን የሚባለውን የድብርት መድኃኒት የጀመርኩት በ2009 ዓ.ም. ነው፣ ልጄን በወለድኩ በሦስተኛው ወር። ስታለቅስ እሰማለሁ፤ ተነሥቼ ማንሣት ግን አልችልም። ግድግዳ ሳይ እውላለሁ። «ይሄ የአራስ ድካም አይደለም» ብላ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ ልታርሰኝ የመጣችው እናቴ ናት። በ50 ሚሊግራም ጀመርኩ፤ ከዓመት በኋላ 100 ሆነ። መድኃኒቱ አድኖኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ማንም ተነሥቶ መድኃኒቱን እንዲያወግዝልኝ ስለማልፈልግ ነው። ልጄን ያሳደግኳት በእሱ ነው።

ዓምና ግን «እስከ መቼ?» ማለት ጀመርኩ። ደህና ከሆንኩ ዓመታት አልፈዋል። ወፍሬያለሁ። እህቴ ስትዳር፣ ስንሸኛት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሲያለቅስ የእኔ ዓይን ደረቅ ነበር። ማልቀስ እየፈለግኩ አቃተኝ።

ፍልሰታ ሲገባ ከአክስቴ ጋር ጸበል ገባሁ። ነሐሴ 1 ቀን 2016 ኪኒኑን ቤት ትቼ ሄድኩ። ከ100 ወደ ዜሮ፣ በአንድ ቀን። ማንም አላስገደደኝም። ኪኒን ይዞ ጸበል መግባት እምነት ማጉደል መስሎኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጀመረኝ። ዓይኔን ወደ ጎን ባዞርኩ ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ይነዝረኛል። መሬቱ ይዋልላል። ያቅለሸልሸኛል። ሌሊት ላብ ያጠምቀኝና ልብሴን ሁለት ጊዜ እቀይራለሁ። ጸበሉ ሲነካኝ ስንቀጠቀጥ ያዩ ሰዎች «ሊለቃት ነው፣ አይዞሽ በርቺ» አሉኝ። በቅን ልብ ነው ያሉት። እኔም አመንኳቸው። በ11ኛው ቀን እንቅልፍ ጨርሶ ጠፋ። በ12ኛው ቀን፣ ያኔ አራስ ሆኜ እንኳ አስቤው የማላውቀው ሐሳብ መጣብኝ፤ መሞት። ለአክስቴ ነገርኳት። እሷ ለባለቤቴ ደወለች፤ ያንኑ ሌሊት መኪና ለምኖ መጥቶ ወሰደኝ።

ሐኪም አይቶኝ በ50 እንደገና ጀመርኩ። ንዝረቱ በሦስት ቀን ረገበ። እንቅልፉና ጭንቀቱ ግን እስከ ኅዳር አልለቀቁኝም፤ 100 ላይ ተመልሼ ነው የተረጋጋሁት።

አሁን ሰኔ 2017 ነው። ሰባት ወር ሙሉ ደህና ነኝ። አንድ ሐኪም «የተመለሰው በሽታሽ ነው፤ ዕድሜ ልክሽን ትወስጃለሽ» አለኝ። ሌላው «ሁለት ሳምንት 50፣ ሁለት ሳምንት 25፣ ከዚያ በቃ» አለኝ። ሁለቱም አስፈሩኝ። እውነት በሽታዬ ነበር የተመለሰው? በዝግታ የወጣ ሰው ካለ ስንት ጊዜ ፈጀበት? እዚህ አገር ያለው ፍሬ 50 እና 100 ነው፤ ከዚያ በታች እንዴት ይደረጋል?

ቀስ በቀስ

እህቴ፣ ለአክስትሽ መናገርሽ ነፍስሽን አትርፏል። ያ ሐሳብ ዳግም ከመጣ አታሳድሪው። ሰው ይዘሽ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

እኔ ድሬዳዋ ነው የምኖረው፣ መምህር ነኝ። ሰርትራሊን 50 ለ9 ዓመት ወስጃለሁ። ሁለት ጊዜ ልተወው ሞክሬ ተመልሻለሁ። የመጀመሪያው ልክ አንቺን እንዳሉሽ ነበር፤ ግማሽ ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ማቆም። ሁለተኛው አንድ ቀን ውጦ አንድ ቀን መዝለል ነበር፤ ይሄኛው ባሰ። በምዘልበት ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ይዞርብኝ ነበር።

ሦስተኛው ተሳካ። ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ፈጀ። ቁጥሩ እንዳያስደነግጥሽ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እየሠራሁ፣ ልጆቼን እያሳደግኩ ነበር።

«በሽታዬ ነበር ወይ?» ላልሽው የራሴን ልንገርሽ። የእኔ ድብርት ሲመጣ ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ደብተር ማረም ያስጠላኛል፤ ቀጥሎ ጢሜን መላጨት እተዋለሁ፤ እስኪጥለኝ ወር፣ ሁለት ወር ይፈጃል። ጭንቅላት ውስጥ የሚነዝር ነገር ድብርት አምጥቶብኝ አያውቅም። ያንቺ በሦስተኛው ቀን ጀመረ፤ ኪኒኑ ሲመለስ በሦስት ቀን ረገበ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ይሄ ሰውነትሽ የለመደውን ነገር በድንገት ሲያጣ የጮኸው ጩኸት ነው የሚመስለኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የምታየኝ ሐኪም በየወሩ፣ በዚያ ሰዓት ከምወስደው ላይ 10 በመቶ እንድቀንስ ተስማማችልኝ። ከመነሻው ሳይሆን ከደረስኩበት ላይ። ከ50 ወደ 45፣ ከ45 ወደ 40.5፣ ከዚያ 36.5 እያልኩ። ስለዚህ ቅናሹ ራሱ እያነሰ ይሄዳል። ዱባይ ያለችው እህቴ የወርቅ ሠሪ የመሰለች፣ ሚሊግራም የምታነብ ትንሽ ሚዛን ላከችልኝ። የእኔ ፍሬ ሲመዘን 156 ሚሊግራም ነበር። ከዚያ ውስጥ መድኃኒቱ 50 ነው፤ የቀረው ማጣበቂያና ሽፋን ነው። ስለዚህ 45 ለማግኘት 140 እስኪመዝን በምላጭ እፍቀዋለሁ። የተፋቀው ፍሬ ምላስ ያደነዝዛል፣ መራራም ነው፤ በሙዝ ቁራጭ እውጠው ነበር። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ፋርማሲው ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ከሰጠሽ ፍሬው ሌላ ክብደት ነው ያለው። እንደገና መዝኚ፣ እንደገና አስሊ። እኔ ይህን ባለማወቄ አንድ ወር ከታሰበው በላይ ቀንሼ ተቸግሬያለሁ።

ደብተር ያዢ። እኔ የልጆች ደብተር ላይ አራት መስመር አሰምሬ ነበር፤ ቀን፣ መጠን፣ የእንቅልፍ ሰዓት፣ ንዝረት። ከቀነስኩ በኋላ ከ4ኛው እስከ 9ኛው ቀን እንደሚከብደኝ ያወቅኩት ከደብተሩ ነው። ካወቅኩ በኋላ ፍርሃቱ ቀነሰ። ፈተና የማርምበት ሳምንት ላይ አልቀንስም። እናቴ ስታርፍ 23 ሚሊግራም ገደማ ላይ ነበርኩ፤ ሦስት ወር ቆምኩ። ለቅሶ ላይ የሚቀነስ ነገር የለም። ሐኪሟም «መቆም ወደ ኋላ መመለስ አይደለም» አለችኝ።

ከባዱ መጨረሻው ነው። ከ50 ወደ 40 ስወርድ ብዙም አልተሰማኝም። ከ5 ወደ 4 ስወርድ ግን ሁለት ሳምንት ንዝረት ነበረብኝ። ከ5 በታች ደግሞ ያቺ ሚዛን አታስተማምንም። ያኔ የሆስፒታል ፋርማሲስት በሐኪሟ ትእዛዝ በፈሳሽ አዘጋጀችልኝ፣ 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊግራም። በስሪንጅ እየለካሁ 1.2 ገደማ ስደርስ አቆምኩ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ፋርማሲስት ከሐዋሳ

የወንድማችን ልምድ ከሳይንሱ ጋር ይገጥማል። ምክንያቱን ልጨምር።

አእምሮ ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል መልሰው የሚሰበስቡ በሮች አሉ እንበል። ሰርትራሊን እነዚህን በሮች ይዘጋል። 50 ሚሊግራም ከመቶው 80 ያህሉን ይዘጋል። 100 ሲሆን የሚጨምረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከ100 ወደ 50 መውረድ ለአእምሮ ትንሽ ለውጥ ነው፤ ከ25 ወደ ዜሮ ግን አብዛኞቹ በሮች በአንድ ጊዜ የሚከፈቱበት ነው። «25 ትንሽ ናት፣ ከዚያ አቁም» የሚለው ምክር ብዙ ሰው የሚጎዳው ለዚህ ነው። ማርክ ሆሮዊትዝና ዴቪድ ቴይለር ይህንን በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት ሳይካትሪ የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈውታል። ሆሮዊትዝ ሐኪም ነው፤ እሱም ራሱ ከዚህ ዓይነት መድኃኒት ለመውጣት ተሰቃይቷል። የእንግሊዝ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2020 እ.ኤ.አ.፣ የአገሪቱ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. በደረጃና በዝግታ መቀነስን መክረዋል። እህቴ፣ ሐኪምሽ ካመነታ ይህን አንሥተሽ በአክብሮት ብትነጋገሪ አይከፋም። እኛም ትምህርት ቤት ስንማር «ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያልፋል» ነበር የተባልነው።

ቀን መዝለል የማይሆነው ሰርትራሊን በአንድ ቀን ገደማ ግማሹ ከደም ስለሚወጣ ነው። ፍሉኦክሰቲን የሚባለው ሌላው የድብርት መድኃኒት ግን ቀናት ይቆያል፤ አንዳንድ ሐኪም ወደ እሱ ቀይሮ የሚቀንሰው ለዚያ ነው። ይህ የሐኪም ውሳኔ ነው፣ በራስ አይሞከርም።

ይህን ለሚያነብ ሌላ ሰውም፦ እዚህ የምናወራው ስለ ሰርትራሊን ነው። ዳያዜፓም ወይም ብሮማዜፓም የሚባሉትን የጭንቀት ማስታገሻዎች ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ያቆመ ሰው እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ሊቲየም፣ ካርባማዜፒን፣ ኦላንዛፒን የሚባሉት ሌሎች መድኃኒቶችም የራሳቸው የማቆሚያ መንገድ አላቸው። እባካችሁ ይህን ስሌት ወደዚያ አትውሰዱ። የሚቆይ ሽፋን ያለው፣ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ የሚለቀቅ ኪኒንም አይፋቅም፣ አይፈጭም።

ሌላው የአቅርቦት ጉዳይ ነው። መድኃኒት ከገበያ ሲጠፋ ታያላችሁ። ቢያንስ የሁለት ወር እጅሽ ላይ ሳይኖር አትጀምሪ። ለመውጣት ብለሽ ያላሰብሽው መቋረጥ እንዳይገጥምሽ።

እህታችሁ ከሜሪላንድ

የእኔ መልስ ትንሽ ለየት ይላል፤ እንዳትቀየሙኝ።

እኔ ሦስት ጊዜ ታምሜያለሁ። ሦስተኛው ላይ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። እንደ ወንድማችን በዝግታ መቀነስ ጀምሬ፣ እዚህ በጠብታ የሚለካ የሰርትራሊን ፈሳሽ ስላለ ቀላል ነበር፣ 30 ላይ ደርሼ ነበር። ንዝረት የለ፣ ምንም የለ። ግን በሁለተኛው ወር የድሮው ነገር መጣ። ስልክ አላነሣም፣ ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ፣ ምግብ እንጨት እንጨት አለኝ። ያ ማቋረጡ የሚያመጣው ሕመም አልነበረም፤ እኔ አውቀዋለሁ። ወደ 50 ተመለስኩ፤ ከሐኪሜ ጋር እዚያው ልንቆይ ተስማማን። ደጋግሞ ለታመመ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ መውሰድ ይመከራል።

የአዳማዋ፣ አንቺ የታመምሽው አንድ ጊዜ ነው፣ ያውም በወሊድ። ልክ ነሽ፣ ልትሞክሪው ይገባል። ግን 40 ላይ ደህና ሆነሽ 30 ላይ ካልሆነ፣ 40 ላይ መኖርም ይቻላል። ያም ቢሆን ለሰባት ዓመት ከወሰድሽው 100 ያነሰ ነው። ሁለተኛ ልጅ የምታስቢ ከሆነ ደግሞ እርግዝናውን ከማሰብሽ በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋገሪበት።

አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀኝ። ጸበሉ። ዘንድሮስ?

የአዳማዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፋርማሲስቱን ያነበብኩት ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ነው፤ «በሮቹ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ዓመት ሙሉ እብድ ሊሉኝ ነው ብዬ ያልነገርኩትን ንዝረት እናንተ በስሙ ጠራችሁልኝ።

ሦስተኛ ሐኪም አገኘሁ፣ ሴት ናት። ደብተሬን አሳየኋት። «እኔም እንዲህ ቀስ ብዬ ለማንም ቀንሼ አላውቅም፤ አብረን እንማራለን» አለችኝ። ይህን የሚል ሐኪም ገጥሞኝ አያውቅም። በወር አንዴ ታየኛለች። ከ100 ወደ 90 ጀምረናል። የእኔው የ50 ፍሬ 152 ይመዝናል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ፍሬና ከሁለተኛው 122። ዛሬ 10ኛ ቀኔ ነው። ትንሽ ራስ ምታት አለ፤ ንዝረት የለም። ባለቤቴና አክስቴ ምን ሲያዩ ለሐኪሟ እንደሚደውሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። ያ ሐሳብ ከመጣ ግን ድንገተኛ ክፍል።

ስለ ጸበሉ፣ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። ዓምና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ መድኃኒቱንም የሰጠ እሱ ነው፤ መድኃኒት መውሰድ ጾም አይሽርም። ማን ተዪው አለሽ?» አሉኝ። ማንም አላለኝም ነበር።

ነሐሴ 1 ከአክስቴ ጋር እሄዳለሁ። በዚያ ወር ምንም አልቀንስም። የ20 ቀኑን ኪኒን ቤት መዝኜ፣ በየቀኑ ቀን ጽፌበት፣ በትንንሽ ላስቲክ ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከውዳሴ ማርያሜ ጎን አስቀምጬዋለሁ።