ባሕር ዳር ላይ ግላይደር ለመጎተት የትኛው አውሮፕላን ያዋጣል?

ጣና ዳር፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባሕር ዳር የግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) ክለብ ለማቋቋም እየተሰናዳን ነው። ለመጎተቻ ሦስት አውሮፕላኖች አይተናል፦ ፓይፐር ሱፐር ከብ ባለ 180 የፈረስ ጉልበት፣ ፓይፐር ፓውኒ ባለ 235፣ ሱፐር ዲሞና ባለ 115፣ ሞተሩ ሮታክስ 914 ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ)። የሚጎተተው ባለ ሁለት መቀመጫው ኤኤስኬ 21 ነው፤ ሙሉ ክብደቱ 600 ኪሎ። የቱን ትላላችሁ?

ሲሊንደር፦ የካታሎጉን ቁጥር ለጊዜው ተወው። ማኮብኮቢያው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ የ2,700 ሜትር ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያኔ ከጉልበቱ ሩብ በላይ ያጣል፤ 180ው 132፣ 235ቱ 172 ግድም ይሆናል። 914 በቱርቦው 115ቱን እስከ 8,000 ጫማ አካባቢ ይይዛል፤ ግን ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከዚያ ወደ 100 መመለስ ግድ ነው። ለዚህ ክብደት እኔ ፓውኒን እወስዳለሁ። ለእርሻ መድኃኒት መርጫ የተሠራ ስለሆነ የኬሚካል ታንኩ ካልወጣለት አስወጡት፤ ክብደት ይቀንሳል። ጉድለቱ ወንበሩ አንድ መሆኑ ነው፤ አዲስ ጎታች አብራሪ ከአስተማሪ ጋር አይሠለጥንበትም።

ነፋሻ፦ ቱርቦ ሞተሩን እንጂ ክንፉን አያግዝም። በሳሳ አየር ለመነሳት የሚፈለገው የመሬት ፍጥነት 14 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በዚህ ብቻ መንደርደሪያው ሲሶ ያህል ይረዝማል፣ የጉልበቱ መቀነስ ገና ሳይቆጠር። ፓውኒውን ከገዛችሁ ፕሮፔለሩን እዩ፤ ለረጅም ጉዞ የተስተካከለ ከሆነ ሲነሳ ሞተሩ ዙሩን አይሞላም፣ ለሽቅብ የሚሆነውን አስገጥሙ። ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ቅልቅል ማስተካከያውን) እስከ ጥግ ገፍቶ መነሳትም እዚህ ከፍታ ላይ ጉልበት ይበላል፦ ሙሉ ጋዝ ስጡ፣ ዙሩ ጫፍ እስኪደርስ ሚክስቸሩን ሳቡት፣ ከዚያ ጥቂት መልሱት። ግላይደሩ ሲለቀቅ ጋዙን ባንዴ አትዝጉ። በ110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየጎተተ የጋለ ሲሊንደር በቁልቁለት ድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ደረጃ በደረጃ ቀንሱ።

ጣና ዳር፦ የነዳጁስ ነገር? ዲሞናው የመኪና ቤንዚን ይቀበላል ብለውናል።

ሲሊንደር፦ ይቀበላል፣ ኦክቴኑ 95 ከሆነ። ኤታኖል መኖሩን ለማወቅ ጠባብ ብልቃጥ ውስጥ ውኃ ጨምራችሁ ምልክት አድርጉ፣ ቤንዚን ሙሉበት፣ ናጡት፣ አስቀምጡት። የውኃው ልክ ከምልክቱ ከፍ ካለ ኤታኖል አለበት። ሮታክስ እስከ 10 በመቶ ይችላል፤ የታንኩና የቱቦው ጎማ መቻሉን ግን የአውሮፕላኑ መመሪያ ነው የሚነግራችሁ።

ነፋሻ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ቀን ላይ ከጣና የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ዳርቻው ላይ ተርማል (ግላይደሩን ከፍ የሚያደርገውን ሽቅብ የሚወጣ ሞቃት አየር) ያዳክማል፤ ስለዚህ ጉተታው ወደ መራዊ በኩል፣ ከውኃው ርቆ ይሁን። ፔሊካኖቹንም አትርሱ፣ ተርማሉን ይጋሯችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ጭራ ላይ ያለውን የጉተታ ገመድ መንጠቆ ሥሪት አጣሩ። ግላይደሩ ከጎታቹ በላይ ድንገት ሲወጣ ጭራውን ያነሳዋል፤ የሽዋይዘር መንጠቆ ገመዱ ወደ ላይ ሲወጠርበት አልለቅ ሊል ይችላል፣ የቶስት ግን ይለቃል። ሽዋይዘር ከሆነ ዋጋውን ስትደራደሩ የመቀየሪያውን ወጪ ቀንሱ።