48 ቶን ለሚጎትት መኪና የዲፍረንሻል ሬሾ፦ ከ4.80 ወደ 3.70 ወይስ ወደ 4.22?

ባለ_ተሳቢ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ስድስት በአራት (ከስድስቱ መንኮራኩር አራቱ በሞተር የሚዞሩ) ጎታች ነው፤ ከነተሳቢውና ከነጭነቱ 48 ቶን ይመጣል። ሞተሩ 380 የፈረስ ጉልበት፣ ከፍተኛ ቶርኩ (የማዞር ኃይሉ) 1,550 ኒውተን ሜትር፣ እሱም ከ1,100 እስከ 1,400 ዙር ባለው ውስጥ። ካምቢዮው ባለ አሥር ማርሽ ነው፦ አንደኛ 14.28፣ ዘጠነኛ 1.34፣ አሥረኛ ቀጥታ 1.00። ጎማ 12.00 አር 20። ዲፍረንሻሉ 4.80፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ካርዳኑ (ከካምቢዮው ኃይል የሚያመጣው ዘንግ) 4.80 ጊዜ ይዞራል።

በ80 ስነዳ ሞተሩ ከ1,850 ዙር በላይ ይጮሃል፣ ናፍጣውም እንደዚያው ነው። አንዱ መካኒክ «3.70 አስገባና ተገላገል» ይላል። ሌላው ደግሞ «3.70 ዳገት ላይ ያቆምሃል፣ 4.22 ይበቃሃል» ይላል። መንገዱ ግማሹ ሜዳ፣ ግማሹ ከ6 እስከ 10 በመቶ ዳገት ነው። ሜዳ ላይ የምሄደው ከ65 እስከ 80 ነው። የቱን ትመክራላችሁ? ከጥርሱ ሌላስ ምን ይነካል?

ኩሽኔታ
መጀመሪያ ሒሳቡ ይሠራ። ፍጥነቱን በ1,000 አባዝተህ ለ60 አካፍል፤ መኪናው በደቂቃ የሚሄደው ሜትር ይወጣል። ያንን ጎማው በአንድ ሙሉ ዙር ለሚሄደው ርቀት አካፍል፣ የመጣውን በማርሹና በዲፍረንሻሉ ሬሾ አባዛ። የሞተሩ ዙር እሱ ነው።

የጎማውን ርቀት በስም ካለው ስፋት አታስላ፤ የተጫነ ጎማ ይጨቆናልና ይሳሳታል። ጭነቱ እንዳለ፣ ጎማው በልኩ ተነፍቶ፣ ጎማውንም መሬቱንም በጠመኔ ምልክት አድርግ። አምስት ሙሉ ዙር በቀጥታ ወደፊት ንዳ፣ በሜትር ለካ፣ ለአምስት አካፍል። 12.00 አር 20 ወደ 3.42 ሜትር ይሰጥሃል።

በ80 ጎማው በደቂቃ 390 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ በአሥረኛ ማርሽ 4.80 ላይ ሞተሩ 1,870 ይሆናል (አንተ ካየኸው ጋር ይገጥማል)፣ 4.22 ላይ 1,645፣ 3.70 ላይ 1,440። በ65 ደግሞ በቅደም ተከተል 1,520፣ 1,335 እና 1,170 ነው። ወደ 60 ስትወርድ 3.70 ከ1,100 በታች ይገባል፤ በሙሉ ጭነት እዚያ ላይ ነዳጅ መርገጥ ሞተሩን ማነቅ ነው፣ ወደ ዘጠነኛ መመለስ ግድ ይሆናል።

ካምቢዮ_10
«3.70 ዳገት ላይ ያቆማል» የሚባለውን አልቀበልም። ረጅም ዳገት ላይ ፍጥነትህን የሚወስነው የሞተሩ ጉልበት ነው፣ የዲፍረንሻሉ ጥርስ አይደለም። 380 ፈረስ ወደ 280 ኪሎዋት ነው፤ በመንገድ የሚጠፋውን ቀንሰህ 48 ቶን በ6 በመቶ ዳገት ወደ 28 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ይወጣል። ጥርሱ 3.70ም ይሁን 4.80 ፍጥነቱ ያው ነው። የሚለወጠው የምትይዘው ማርሽ ብቻ ነው።

እስቲ 3.70ን በዘጠነኛው ማርሽ፣ በ1.34 አባዛው፦ 4.96 ይመጣል። ዛሬ አሥረኛ ላይ ያለህ 4.80 ነው። ማለትም የዛሬውን አሥረኛ ማርሽህን አላጣኸውም፣ ስሙ ዘጠነኛ ሆነ እንጂ። ከላዩ አንድ ፈጣን ማርሽ ተጨመረልህ።

የዚያ ማርሽ ልክ ግን ይታወቅ። በ80፣ በሙሉ ጭነት፣ የንፋሱንና የጎማውን ጫና ቀንሰህ፣ 3.70 በአሥረኛ የሚችለው ዳገት ከ1 በመቶ ትንሽ ያነሰ ነው። 4.80 ደግሞ ወደ 1.3። ልዩነቱ ሰው እንደሚያወራው አይደለም። ሜዳው ከበዛ 3.70 አስገባ።

ክሮቸራ
ካምቢዮ_10 ከላይኛው ማርሽ አንጻር ያለው ትክክል ነው። ችግሩ ከታች ነው፤ ከአንደኛ በታች የምትቀንሰው ማርሽ የለህም።

ሲነሱ ሞተሩ ሙሉ ቶርኩን አይሰጥም። በ800 ዙር 1,000 ኒውተን ሜትር ይሰጣል ብለን ብናሰላ፣ 48 ቶኑ በአንደኛ ማርሽ ከቆመበት ሊነሳበት የሚችለው ዳገት በ4.80 ወደ 22 በመቶ፣ በ4.22 ወደ 19.5፣ በ3.70 ወደ 17 ነው። የአውሮፓ ሕግ ባለ ተሳቢ መኪና 12 በመቶ ዳገት ላይ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ እንዲነሳ ይጠይቃል፤ 3.70 ይህንን ያልፋል። ስለዚህ ይነሳል፣ ግን በፍሪሲዮን ሒሳብ ነው። ሞተሩ በ600 ዙር አይድል (ነዳጅ ሳይረገጥ) እያለ በአንደኛ ማርሽ መኪናው በ4.80 በሰዓት 1.8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በ3.70 ግን 2.3። ተሳቢውን ወደ ኋላ እያስገባህ፣ ወይም ኮረብታ ላይ በወረፋ እየተንፏቀቅህ፣ ያንን ልዩነት የምትሞላው ፍሪሲዮኑን እያንሸራተትክ ነው። የሚቃጠለው እዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ ካርዳኑ። ጎማው ላይ ያንኑ ጉልበት ለማግኘት 3.70 ከ4.80 ይልቅ ካርዳኑ ላይ 30 በመቶ ተጨማሪ ቶርክ ይጭናል። 4.22 ደግሞ 14 በመቶ። ለ4.80 የተመጠነ ቀጭን ካርዳን ካለህ በ3.70 መጀመሪያ የሚጮኸው ክሮቸራው (የካርዳኑ መገጣጠሚያ መስቀል) ነው፤ ቀጥሎ የፒኒየኑ (ካርዳኑ የሚያዞረው የዲፍረንሻሉ ትንሽ ጥርስ) ፍላንጅ ቡሎን ይላላል። የክሮቸራ መጠኑን ሳትለካ ጥርስ አትግዛ።

ሦስተኛ፣ ቁልቁለት። የሞተር ፍሬን ብቻ ከሆነ ማርሽ ቀንሰህ ትካሳለህ። ከካምቢዮው ኋላ የተገጠመ ሪታርደር (ረዳት ፍሬን) ካለህ ግን በማርሽ አይካስም፤ ኃይሉ ጎማ ላይ የሚባዛው በዲፍረንሻሉ ብቻ ስለሆነ በ3.70 ሩብ ያህሉን ታጣለህ። 10 በመቶ ቁልቁለት ላይ ያ ሩብ በእግር ፍሬን ይተካል፣ ከበሮውም ይግላል።

ለአንተ መንገድ 4.22። ከ65 እስከ 80 ድረስ ሞተሩ ከ1,335 እስከ 1,645 ይሆናል፤ በ65 የቶርኩ ክልል ውስጥ፣ በ80 ከሱ ብዙም ሳይርቅ ማለት ነው። አሥረኛውንም ቶሎ ቶሎ አታወርደውም።

ባለ_ተሳቢ
አመሰግናለሁ፣ ወደ 4.22 አዘንብያለሁ። ወጪ ለመቀነስ አሁን የኋለኛውን አክስል ብቻ ቀይሬ የፊተኛውን በኋላ ብቀይርስ?

ኩሽኔታ
በፍጹም። ሁለቱ አክስሎች አንድ ዓይነት ሬሾ ከሌላቸው በመካከላቸው ያለው ዲፍረንሻል ያለማቋረጥ ይዞራል። እሱ የተሠራው ለመታጠፊያ ነው፣ በ80 ሙሉ ቀን ለመዞር አይደለም። ኮከቦቹ (ውስጡ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች) እና የያዛቸው መስቀል ይበላሉ። መካከለኛውን ሎክ ብታስገባ ደግሞ የሚሰበረው ሴሚያክሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ወይም ካርዳኑ ነው። «ይቀራረባል» ተብሎም አይገጠምም፤ የጥርስ ብዛቱ እኩል መሆን አለበት።

አሁን ያለው እውነት 4.80 መሆኑንም አረጋግጥ፤ ያገለገለ መኪና ላይ ጽላቱ የሚለውና ውስጡ ያለው ይለያያል። ጎማዎቹን በታኮ ያዝ፣ የኋለኛውን አክስል ካርዳን ፍታ፣ በአንድ ወገን ብቻ በክሪክ አንሳ፣ የዲፍረንሻል ሎኩ መፈታቱን እይ። የተነሳውን ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር፣ ካርዳኑ የተፈታበት ፍላንጅ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠር። አንድ ጎማ መሬት ስለያዘ ሁለት ዙር የሚቆጠረው እንደ አንድ ነው። አምስት ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ 4.80 ነው። ጎማው ውስጥ መቀነሻ ጥርስ ያለው አክስል ከሆነም በዚህ መንገድ የሚወጣው ጠቅላላ ሬሾ ነው፤ መሀል ያለውን ክራውን (ትልቁን ጥርስ) እና ፒኒየን ብቻ ቆጥረህ ግን ልክ አይመጣልህም።

ሲገጠም፦ ክራውንና ፒኒየን አብረው የተፈተጉ ጥንድ ናቸው፣ ቁጥራቸው ተጽፎባቸዋል፤ ከተለያየ ጥንድ አይቀላቀሉም። የፒኒየኑን ጥልቀት በሺም (በስስ ብረት)፣ የኩሽኔታውን ጥብቀት በስፔሰር ካስተካከላችሁ በኋላ በክራውኑና በፒኒየኑ መካከል ያለውን ክፍተት በዳያል ጌጅ ለኩ። በከባድ አክስል አብዛኛውን ጊዜ ከ0.20 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ይውላል፤ የራሱ አምራች የጻፈው ግን ይቀድማል። ከዚያ ጥርሱን ቀለም ቀብታችሁ አዙሩት። ቀለሙ የተነሳበት ቦታ ወደ ጥርሱ ጫፍ ከወጣ ፒኒየኑ ርቋል፣ ወደ ሥሩ ከወረደ ገብቷል። «ድምፅ የለውም» ብሎ ቀለሙን የሚዘልል ሰው ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ) አሮጌውን መመለስ ኪሳራ ነው። የመጀመሪያውን 800 ኪሎ ሜትር ያህል ቀለል ባለ ጭነት፣ ረጅም ዳገት ላይ ሞተሩን ሳታንቅ ንዳው፤ አዲስ ጥርስ ይግላል። ከዚያ ዘይቱን አፍስስና የማፍሰሻውን ማግኔት እይ። ደቃቅ የብረት ዱቄት የተለመደ ነው፣ ስንጥር ብረት ከሆነ ግን ክፈተው።

ካምቢዮ_10
ሁለት ዲፍረንሻል ከመክፈት በፊት አንድ ነገር ጠይቅ፦ ላይኛው ማርሹ 0.78 የሆነ ካምቢዮ ለሞተርህ ይገጥማል ወይ? 0.78 በ4.80 ሲባዛ 3.74 ነው። ከ3.70 ጋር ተመሳሳይ ዙር ታገኛለህ፣ አንደኛ ማርሹም ከዛሬው ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ክሮቸራ የዘረዘራቸው የፍሪሲዮንና የካርዳን ጣጣዎች አይመጡም። ጉዳቱ ኦቨርድራይቭ (ከ1.00 ያነሰ ማርሽ) ጉልበቱን በጥርሶች ላይ ስለሚያሳልፍ ከቀጥታ ማርሽ ትንሽ የበለጠ ያባክናል፤ ያም ቢሆን ለአንተ መንገድ የማየው ነው።

ክሮቸራ
እስማማለሁ፣ ካምቢዮው ከተገኘ። ጎማን በተመለከተ ደግሞ፦ ወደፊት ወደ 315/80 አር 22.5 የመቀየር ሐሳብ ካለህ አሁኑኑ በሒሳቡ አስገባው። ዙሩ ወደ 3.28 ሜትር ስለሚወርድ 4.22ቱ እንደ 4.40 ይሠራል። በ80 ከ1,645 ይልቅ 1,715 ታያለህ።

አንድ የተረሳ ነገር፦ ፍጥነት መለኪያው ምልክቱን የሚወስደው ከካምቢዮው መውጫ ከሆነ፣ 4.22 ስታስገባና ሳታስተካክለው በእውነተኛ 80 እየሄድክ ሰሌዳው 70 ይልሃል። ክሩዝ ኮንትሮልም፣ የፍጥነት ገደቡም፣ ታኮግራፉም (የጉዞ መመዝገቢያው) አብረው ይሳሳታሉ። የሬሾውና የጎማው ቁጥር በኮምፒውተሩ እስኪቀየር ድረስ ሰሌዳውን አትመን።