ዩግሊናን የት ልመድባት?

የባዮሎጂ መምህራን፣ እባካችሁ እርዱኝ። ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የኩሬ ውሃ በማይክሮስኮፕ አሳየኋቸው። ዩግሊና የምትባለው ባለ አንድ ሴል ፍጡር አረንጓዴ ሆና፣ ጅራፍ በመሰለ ጭራዋ እየቀዘፈች ታልፋለች። ቀይ የዓይን ነጥቧ ሳይቀር ይታያል። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ዕፅዋት ናት እንስሳ?» አለችኝ። ብርሃን ካገኘች ምግቧን ራሷ ትሠራለች። ጨለማ ውስጥ ደግሞ የሟሟ ምግብ ከውሃው እየመጠጠች ትኖራለች። ግን እንደ ዕፅዋት የሴሉሎስ ግድግዳ የላትም።

ጀርመናዊው ባዮሎጂስት ሄክል እ.ኤ.አ. በ1866 ከዕፅዋትና ከእንስሳት ሌላ ፕሮቲስታ የሚል ሦስተኛ ኪንግደም (ትልቅ የሕያዋን ምድብ) እንዳመጣ ነግሬያቸዋለሁ። ግን እሱም የተረፈው ሁሉ መከማቻ ሆነብኝ። ባለ አንድ ሴሏን አሜባና ኬልፕ የሚባለውን ትልቅ የባሕር አልጌ ምን አገናኛቸው? ዛሬ የሚመደበው በዝምድና ነው፤ የዩግሊና ክሎሮፕላስት (በብርሃን ምግብ የሚሠራው የሴሏ ክፍል) እንኳን የጥንት ቅድመ አያቶቿ ከዋጡት አረንጓዴ አልጌ የመጣ ነው። ይሄን በአንድ ክፍለ ጊዜ ሳላወሳስብ እንዴት ላስረዳ? ክፍል ውስጥ ሞክራችሁ የሠራላችሁ መንገድ ካለ ጻፉልኝ።