ወለል ላይ የሚቆሙ ትልልቅ ስፒከሮች፦ ሳሎኔ ውስጥ ቤዛቸው አስቸገረኝ፣ እንዴት ላስቀምጣቸው?

ጥያቄ (ከአያት፣ አዲስ አበባ)

ሰላም ወገኖች። ታላቅ ወንድሜ ከሜሪላንድ ጠቅልሎ ሲገባ ዕቃውን በኮንቴይነር አስመጣና ኬፍ አር11 ስፒከሮቹን ከነአምፑ (ከድምፅ ማጉያው) ጋር ለእኔ ሰጠኝ። እያንዳንዳቸው ወደ 38 ኪሎ ይመዝናሉ። አራት አራት የቤዝ ስፒከር አላቸው፣ ከጀርባቸው ደግሞ ሁለት ሁለት የአየር ቀዳዳ አለ።

ሳሎኑ 5.2 ሜትር በ4 ሜትር ነው። ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.7 ሜትር። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ። ስፒከሮቹን በጠባቡ ግድግዳ በኩል ከቲቪው ግራና ቀኝ አቁሜያቸዋለሁ፤ ጀርባቸው ከግድግዳው 25 ሳ.ሜ. ይርቃል። ሶፋው ከፊት ለፊታቸው ካለው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። በስተግራ ትልቅ መስኮት አለ፣ በስተቀኝ ወደ ምግብ ክፍሉ ክፍት ነው።

ድምፃዊ ከክራር ጋር ብቻውን ሲዘፍን በጣም ያምራል። ቤዝ ጊታር ሲገባ ግን አንዱ ኖታ ቤቱን ያናውጠዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው በቅጡ አይሰማም። በገናም ስከፍት አንዱ አውታር ከሌሎቹ በላይ ይጮኻል። ቡፌ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። የዘፋኙም ድምፅ ከመሃል ወደ ግራ ያደላል።

አንዱ ጓደኛዬ «ኬብሉን በውድ ቀይረው» አለኝ። ሌላው «ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፍ» ይላል። ገንዘብ ሳላወጣ በፊት ምን ልሞክር? ባለቤቴ ሶፋው መሃል ቤት እንዲወጣ አትፈልግም፤ ቢበዛ 1 ሜትር ገደማ መሳብ ይቻላል።

መልስ (ቀረጻ ስቱዲዮ የሚሠራ፣ ቦሌ)

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ ስፒከሮችህ ጥሩ ናቸው። የሚያስቸግርህ ክፍሉ ነው። ምንም አትግዛ፤ መጀመሪያ ሜትር ያዝ።

ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 343ን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ስታካፍል ክፍሉ ራሱ «የሚዘፍነውን» ድምፅ ታገኛለህ። ያንተ ርዝመት 5.2 ሜትር ስለሆነ 33 ኸርዝ (በሰከንድ 33 ርግብግብታ) ይወጣል፣ ቀጥሎ እጥፉ 66፣ ከዚያ 99። አሁን ቤዝ ጊታር ላይ የኤ ክር ሦስተኛ ፍሬትን (የአንገቱን ሦስተኛ ክፍል) ተመልከት። ሲ ኖታ ነው፣ 65.4 ኸርዝ። ቤቱን የሚያናውጠው ኖታ እሱ ወይም የቅርብ ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። የሌሎቹን ኖታዎች ድምፅ ክፍሉ ስለማያግዝ ከእሱ ጎን ሲሰሙ የኮሰሱ ይመስላሉ።

በግድግዳ ላይ እነዚህ ሞገዶች ሁሉ ጉልበታቸው ከፍተኛ ነው። አንተ ደግሞ ስፒከሮቹን አንዱ ግድግዳ አጠገብ፣ ጭንቅላትህን ሌላው ግድግዳ ላይ አድርገሃል። ቤዙ ከምንጩም ከሰሚውም በኩል ተባብሷል ማለት ነው።

66 ኸርዙ የሚጠፋበት ቦታ የርዝመቱ ሩብ ላይ ነው፤ ላንተ 1.3 ሜትር። ሶፋውን እስከዚያ ማምጣት ባትችልም፣ ጆሮህ ከኋላው ግድግዳ 1 ሜትር ሲርቅ ጉልበቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ለስፒከሮቹም ያው ነው፤ የፊታቸው ርቀት ከግድግዳው 1 ሜትር ይሁን። የካቢኔው ጥልቀት ሲቀነስ ጀርባቸው 60 ሳ.ሜ. ገደማ ይርቃል።

ቁመቱ 2.7 ሜትር ስለሆነ 63 ኸርዝ አካባቢ ሌላ ሞገድ አለ፤ ለርዝመቱ ቅርብ ነው። ግን ተቀምጠህ ጆሮህ ከወለሉ 1 ሜትር ላይ ስለሚሆን ያን ያህል አይጎዳህም። የስፋቱን ስሌት ተወው፤ ቀኙ ክፍት ስለሆነ በትክክል አይሠራም።

ለሙከራ በገናን ተጠቀምበት። አውታሮቹ ተራ በተራ ሲመቱ ወፍራሙ ድምፅ እኩል መውረድና መውጣት አለበት። ከእንዚራው (ከአውታሩ ሥር ከሚገባው የቆዳ ቁራጭ) የሚመጣው ንዝረት ደግሞ ከወፍራሙ ድምፅ ጋር ተጣብቆ መሰማት አለበት። ቤዙ ካበጠ ንዝረቱ ይሸፈናል። እኔ አዲስ ስፒከር ስሰማ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው።

መልስ (ከቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ እዚህ አሜሪካ ብዙው ቤት ግድግዳው በእንጨት ላይ የተመታ ጂፕሰም ነው። ቤዝ ሲመታው ስለሚርገበገብ የተወሰነውን ይውጠዋል፣ የተወሰነውንም ወደ ውጭ ያሳልፋል። ብሎኬት ግን መልሶ ይወረውረዋል። ስለዚህ የወንድምህ ቤት ልከኛ የነበረው ቤዝ አያት ቢበዛብህ አይግረምህ። ኢንተርኔት ላይ የምታነባቸው ምክሮችም አብዛኞቹ ለእንጨት ቤት የተጻፉ ናቸው።

ለመጀመሪያው ቦታ ጆሮህን ተጠቀም። የስፒከር አምራቹ የዊልሰን ኦዲዮ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ዘዴ አለ። ጀርባህን ስፒከሩ ካለበት ግድግዳ ጋር አስጠግተህ ቁም፣ በመደበኛ ድምፅህ እያወራህ ቀስ ብለህ ወደ ክፍሉ መሃል ተራመድ። ግድግዳው አጠገብ ድምፅህ ወፍራምና የታፈነ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ይለቀቃል፣ የራስህ ድምፅ ይሆናል። እዚያ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፍ። ጥቂት ስትቀጥል እንደገና ይለወጣል፤ እዚያም ለጥፍ። ስፒከሩ በሁለቱ ምልክቶች መሃል ይቁም። ባለቤትህ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ብትሰማልህ ይሻላል፣ ከሚናገረው ይልቅ የሚሰማው ሰው ልዩነቱን ቶሎ ይይዘዋል።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ አንተ አዙር። መጀመሪያ ትከሻህን እንዲያዩ አድርግ። ዘፋኙ መሃል ላይ ደብዘዝ ካለ ትንሽ ጨምር፣ ድምፁ ከሾለብህ ቀንስ። የአር11 ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) በመሃለኛው ስፒከር እምብርት ላይ ስለተቀመጠ ከፊት ለፊቱ ካለው ቀጥታ መስመር ትንሽ ብትወጣም ይታገስሃል።

መልስ (ከቂርቆስ)

ካርዳስ የሚባል ዘዴ አለ፣ በቀላሉ ይሰላል። ስፋቱን በ0.276 ስታባዛ ከጎን ግድግዳ፣ በ0.447 ስታባዛ ከጀርባ ግድግዳ የሚኖረው ርቀት ይወጣል። ላንተ 1.10 እና 1.79 ሜትር ነው። እሱን ብቻ ተከተል።

መልስ (ቀረጻ ስቱዲዮ የሚሠራ፣ ቦሌ)

ስሌቱ ትክክል ነው፣ ግን ሳሎን ነው እኮ! ከጎን 1.10 ሜትር ከራቁ በሁለቱ መሃል የሚቀረው 1.80 ሜትር ብቻ ነው፣ 1.79 ሜትር ወደ ፊት ከወጡ ደግሞ ሰው ወደ ቲቪው የሚያልፍበት ይጠባል። ለብቻው ለሙዚቃ የተሰጠ ክፍል ላለው ሰው ግን ጥሩ መነሻ ነው።

መልስ (የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ፒያሳ)

ልጄ፣ ስለ ቤዙ ሌሎቹ ነግረውሃል። እኔን ያሳሰበኝ አምፑ ነው። ከአሜሪካ ከመጣ ጀርባውን አንብብ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ እንዳትሰካው፣ በአፍታ ይቃጠላል።

ጠያቂው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጀርባው ላይ «120 ቮልት 50/60 ኸርዝ» ይላል። ከመርካቶ በገዛሁት መቀነሻ ትራንስፎርመር ነው የምጠቀመው። «300 ዋት» ተጽፎበታል። አምፑ ደግሞ 500 ዋት ይላል።

መልስ (የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ፒያሳ)

አሁኑኑ ንቀለው። 50/60 ማለቱ ጥሩ ነው። 60 ብቻ ቢል ኖሮ የውስጡ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ይበልጥ ይግል ነበር። ያንተ መቀነሻ ግን ያንሳል። ቢያንስ 1000 ዋት፣ ቢቻል ከዚያ በላይ ይሁን። ቤዝ ሲመታ አምፑ በድንገት ብዙ ይስባል፣ ደካማ ትራንስፎርመር ያኔ ቮልቴጁ ይወርድበታል።

አንዳንድ አምፕ ውስጡ ወደ 220 የሚቀየር ነው። የሚቀይርልህ ሰው ፊውዙንም በግማሽ አምፔር መቀየር አለበት፤ ብዙዎች ይረሱታል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቮልቴጁ ስለሚዘል፣ ሲጠፋ ማብሪያ ማጥፊያውን ዝጋና ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ክፈት። ስታብላይዘር ካለህ መቀነሻውን ከእሱ በኋላ ሰካ። ዲቫይደር ላይ ከፍሪጅ ጋር አታጋራው።

ሌላው፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀትን ቶሎ አያነሳም። አምፑን የቲቪ ቁም ሣጥን ውስጥ አትዝጋበት፤ ከላዩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን።

መልስ (ከሰሚት)

ኬብሉን በተመለከተ ጓደኛህን አትስማው። 2.5 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ፣ ለአንድ ስፒከር 5 ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 0.1 ኦም እንኳን አይሞላም። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ለስላሳውን፣ ባለብዙ ክሩን ግዛ፣ ይበቃሃል።

የእንቁላል ካርቶንም ለቤዝ ምንም አይሠራም። ስስ ወረቀት ነው፤ የ66 ኸርዝ ሞገድ ደግሞ ከ5 ሜትር በላይ ርዝመት አለው። ከዚያ ይልቅ ከፊታችሁ ወፍራም ስጋጃ አንጥፍ፣ ለመስኮቱ ከባድ መጋረጃ ስቀል። ድምፁ ወደ ግራ የሚያደላው በግራ መስታወቱ እየመለሰው፣ በቀኝ በክፍቱ እየወጣ ስለሆነ ነው። የት እንደሚመልስ ለማየት አንድ ሰው መስታወት ይዞ በግራው ግድግዳ ላይ እያንሸራተተ ይሂድ። ሶፋው ላይ ተቀምጠህ ትዊተሩን መስታወቱ ውስጥ ያየህበት ቦታ ነው መጋረጃው መድረስ ያለበት።

ሽቦዎቹንም ፈትሽ፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። በአንዱ ስፒከር ከተገለበጠ ቤዙ ይሳሳል፣ ዘፋኙም ክፍሉ ውስጥ ይበተናል። ሙዚቃ እየተጫወተ አትፍታው፤ አምፑን አጥፍተህ የአንዱን ብቻ ገልብጠህ ስማ። ቤዝ የበዛበት አያያዝ ትክክለኛው ነው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትራንስፎርመሩን በ1500 ዋት ቀየርኩት። ሶፋውን ጆሮዬ ከግድግዳው 1 ሜትር እስኪርቅ አመጣነው፤ ከኋላው ስስ መደርደሪያ ስናቆም ባለቤቴም ወደደችው። ስፒከሮቹን ጀርባቸው 60 ሳ.ሜ. እስኪርቅ ሳብኳቸው፣ በሁለቱ መሃል ደግሞ 2.5 ሜትር አለ። በድምፅ እየተራመድን ስንሞክር የወጣው ቦታም ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ቤዙ በጣም ተስተካክሏል። በገናው አሁን አውታር በአውታር ይሰማል፣ ንዝረቱ ይለያል። መጋረጃው ገና ስላልተሰቀለ ዘፋኙ ትንሽ ወደ ግራ ነው። አንድ የቤዝ ኖታ ግን አሁንም ከሌሎቹ ከፍ ይላል። ከስፒከሮቹ ጋር የመጡ የስፖንጅ ቡሾች አሉ፤ ለዚህ ነው የሚጠቅሙት? ብርጭቆዎቹስ?

መልስ (ቀረጻ ስቱዲዮ የሚሠራ፣ ቦሌ)

አዎ፣ ስፖንጆቹ የጀርባውን ቀዳዳ ለመዝጊያ ናቸው፣ ሁለት ክፍል አላቸው። መጀመሪያ የውጩን ቀለበት ብቻ ከተት፣ መሃሉ ክፍት ይቆይ። ካልበቃ ሙሉውን ዝጋ። የታችኛውን ቤዝ ይቀንሳል፣ ግን ብሎኬት ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ትርፍ ነው።

የቀረችውን ለመያዝ መለካት ይሻላል። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ከዩኤስቢ የመለኪያ ማይክ ጋር፣ ለምሳሌ ከሚኒዲኤስፒ ዩሚክ-1 ጋር፣ ሶፋው ላይ ለካ። ማይክ ከጓደኛ ተዋስ፣ ለአንድ ጊዜ ሥራ አትግዛ። 66 አካባቢ ጉብታ ካየህ በሙዚቃ ማጫወቻህ ኢኳላይዘር (የድምፅ ማመጣጠኛ) ጠበብ አድርገህ 4 ወይም 5 ዴሲቤል ቀንስ። ጉድጓድ ያለበትን ቦታ ግን ለመሙላት አትሞክር። ሞገዶች እርስ በርስ የሚጠፋፉበት ቦታ ስለሆነ የምትጨምረው ኃይል ይባክናል፣ አምፑንም ያደክማል።

ለብርጭቆዎቹ በዚያው ፕሮግራም ከ30 እስከ 200 ኸርዝ ድምፁን ቀስ ብለህ አንሸራት። የትኛው መደርደሪያ ሲንጫጫ ሰምተህ ከመስታወቱ ሥር ትንንሽ የጨርቅ ቁራጭ አድርግ። የኮርኒሱን የመብራት ሽፋንም ፈትሽ፣ ብዙ ጊዜ የሚንጫጫው እሱ ነው።

መልስ (ከሰሚት)

ሹል እግሮቹን በመጨረሻ ግጠም፤ ከገጠምክ በኋላ መጎተት ሴራሚኩን ይሰነጥቀዋል። ቦታው ሲጸድቅ አራቱንም የመሠረቱን (ከስፒከሩ ሥር የሚገጠመውን ማቆሚያ) ጥጎች በፕላስተር ምልክት አድርግ። ከዚያ ሁለት ሆናችሁ ዘንበል አድርጉት፣ አንዱ ይደግፍ፣ ሌላው ይግጠም። ከእያንዳንዱ ሹል ሥር የብረት ክብ ወይም የ1 ብር ሳንቲም አድርግ። በውሃ ልክ አስተካክለህ ስትነቀንቀው የማይንቀሳቀስ ሲሆን ብሎኑን አጥብቀው። መሠረቱን ሳትገጥም ግን ለአንድ ቀንም አታቁማቸው፣ በተለይ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ።