ሎከር ውስጥ የሚገባ የጌም ኮምፒውተር በ48 ሺህ ብር ይሆናል?

የዶርም ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሳስጠና ከርሜ 48 ሺህ ብር ይዣለሁ። በዚህ ብር የራሴ የምለው ኮምፒውተር እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ።

የምፈልገው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሶሊድወርክስ የሚባለው የማሽን ዲዛይን ፕሮግራም ነው፤ የዲዛይን ሥራችን እየከበደ ሄዷል። ሁለተኛው ጌም ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ደሴ ሰፈራችን ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው ያደግነው። አሁን እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ ነን። ካውንተር ስትራይክ 2 አብረን ብንጫወት ደስ ይለኛል። ጂቲኤ 5ም አምሮኛል።

ችግሬ ቦታ ነው። ዶርም ውስጥ ስድስት ነን። ክላስ ስሄድ ኮምፒውተሩን ሎከሬ ውስጥ ቆልፌበት መሄድ አለብኝ። ሎከሩን ለክቼዋለሁ፤ ወርዱ 38፣ ጥልቀቱ 42 ሴንቲሜትር ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ደግሞ በአውቶቡስ ደሴ ይዤው መግባት እፈልጋለሁ። ስለዚህ ትልቅ ታወር አይሆነኝም።

ቪዲዮ ላይ የማያቸውን ትንንሽ ኬዞች እዚህ ፈልጌ አጣሁ። አንድ ቦታ ያገኘሁት ባዶ ኬዝ ብቻውን የብሬን ሩብ ይበላል። ሌላ ሱቅ የሚያበሩ ፋኖች ያሉት ታወር አሳየኝ። «ኮር አይ 7 ነው» አለኝ፤ ሳየው 4ኛ ትውልድ፣ የድሮ ነው።

ላፕቶፕ ግዢ እንዳትሉኝ እለምናችኋለሁ። ያለኝ ላፕቶፕ ማጠፊያው ተሰብሮ ነው የቀረው። ከፍቼ ራም የምጨምርበት፣ ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን የሚሠራው ክፍል) የምቀይርበት ነገር ነው የምፈልገው። ሞኒተር አለኝ፤ አጎቴ ቢሮ ሲቀይር የሰጠኝ 22 ኢንች ነው። ግን ያለው ቪጂኤ፣ የድሮው የምስል ገመድ መሰኪያ፣ ብቻ ነው።

ከየት ልጀምር?

ጠጋኝ ከፒያሳ

እህቴ፣ በላብሽ ያገኘሽው ብር ስለሆነ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

ከባዶ ኬዝ ተነስተሽ እየገጣጠምሽ አትሥሪ። ትንንሽ ኬዝ፣ ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው ትንሹ ማዘርቦርድ (ዋናው ቦርድ) እና ትንሽ ፓወር ሰፕላይ እኛ ጋር ስለማይዘወተሩ ዋጋቸው ከፍ ይላል። ያንን ብር የሚበላው ትንሽነቱ ነው፤ ጌሙን አያፈጥነውም። ውጭ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ተጠቅመውባቸው የሚሸጧቸው፣ ወደ እኛ ስላሽ ሆነው የሚመጡ ቀጫጭን ዴስክቶፖች አሉ። ኤስኤፍኤፍ ይሏቸዋል። አንዱን ገዝተሽ አጭር ግራፊክስ ካርድ ክተቺበት። ለአንቺ የሚሆነው መንገድ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

የትኛውን? 8ኛ ትውልድ ኢንቴል እና ከዚያ ወዲህ ያለውን። ምክንያቱ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ዘግቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን ኢንቴል በይፋ አይቀበልም። ኤችፒ ከሆነ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4 በይ፤ ጂ3 ካሉሽ 6ኛ ወይም 7ኛ ትውልድ ነው። ዴል ከሆነ ኦፕቲፕሌክስ 7060 እንጂ 7050 አይሁን። ፕሮሰሰሩ አይ 5-8500 ቢሆን ይበቃሻል፤ ስድስት ኮር አለው። የሱቁ ሰው «አይ 7» ሲል ሁልጊዜ «ስንተኛ ትውልድ?» ብለሽ ጠይቂ። ያደረግሽውም ይሄንኑ ነው፣ ጎበዝ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። የመጽሐፍ ያህል የምታክለው ሚኒ ወይም ማይክሮ የምትባለው ታምራለች፤ ሎከርሽ ውስጥም ትጠፋለች። ግን ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ረጅሙ ስሎት የላትም። ሻጮች ሁለቱንም «ሚኒ» እያሉ ይጠሯቸዋል። አስከፍተሽ በዓይንሽ ስሎቱን ካላየሽ አትክፈዪ። ጂ4 ኤስኤፍኤፍ ወደ 34 በ31 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ውፍረቱ 10 ነው። ሎከርሽ ይበቃዋል።

ካርዱ ሎው ፕሮፋይል መሆን አለበት፤ ማለትም ቁመቱ የመደበኛውን ግማሽ ያህል የሆነ። ደግሞ ከማዘርቦርዱ ስሎት ብቻ ኃይል የሚወስድ፣ ከ75 ዋት የማያልፍ ይሁን። የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ኤችፒና ዴል በራሳቸው ልክ የሠሩት ስለሆነ ነገ በትልቅ ልቀይረው ብትዪ የገበያው አይገባም። ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋ አጭሩ ለዚህ ልክ ነው። አርኤክስ 6400ንም ትሰሚያለሽ። አዲስ ማሽን ላይ ጥሩ ነው፤ የሚጠቀመው አራት ሌን (የመረጃ መስመር) ብቻ ስለሆነ ግን 8ኛ ትውልድ ላይ ስታስገቢው ከአቅሙ ይጎድላል። ብርሽ ቢተርፍ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው አጭር ሆኖ ይመጣል፤ 70 ዋት ነው የሚፈልገው። ግን ዛሬ በ48 ሺህ አይመስለኝም።

አንድ ልኬት አትርሺ። ኦፕቲፕሌክስ ኤስኤፍኤፍ ላይ ረጅሙ ስሎት ከፓወር ሰፕላዩ ጋር ስለሚጠጋጋ ወፍራም ካርድ አላስገባ የሚልበት ጊዜ አለ። ጂ4ን የማስቀድምልሽ ለዚህ ነው፤ ሁለት ስሎት የሚይዝ ካርድ ይቀበላል።

ስትገዢ ፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ጫኚበት። ስሙ ሌላ ውስጡ ሌላ የሆነ የድሮ ካርድ ገበያ ላይ አለ፤ ይሄ ፕሮግራም ያጋልጠዋል። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አስነሺና ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ግቢ። ፓስወርድ ከጠየቀሽ ትተሽው ውጪ። የድሮው መሥሪያ ቤት የቆለፈው ነው፤ ኋላ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን የደህንነት መቆጣጠሪያ ላብራ ስትዪ ያስለቅስሻል። ነገ ቫሎራንት መጫወት ብታስቢ ዊንዶውስ 11 ላይ እሱንና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ክፍል ይጠይቃል።

ራሙ ሁለት ባለ 8 ቢሆን ከአንድ ባለ 16 ይሻላል። ለሞኒተርሽ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ይበቃል።

አሁን ስለ መብራት። ይሄን ከልቤ ነው የምነግርሽ። ተማሪ እያለሁ እናቴ ዕቁብ ሲደርሳት ሰጥታኝ የመጀመሪያዬን ኮምፒውተር ሠራሁ። ብር ለማትረፍ ስም የሌለው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ። ላዩ ላይ 500 ዋት ይላል፤ ስታነሺው ግን ባዶ ቆርቆሮ ነው። ነሐሴ ላይ በአንድ ዝናባማ ማታ መብራት ሄደ። ሲመለስ ጧ አለ። ጭሱ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን አልሞተም፤ ማዘርቦርዱንም ካርዱንም ይዞ ሄደ። ለእናቴ ሁለት ወር ሙሉ መናገር አቃተኝ። እሷ እየመጣች «ዛሬ አትሠራበትም እንዴ?» ትለኝ ነበር። የጥገና ሙያ የጀመርኩት ያንን ማዘርቦርድ ላድን ስሞክር ነው። አልዳነም።

ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀዪ። ሲመለስ ወዲያው አትሰኪ፤ አምስት ደቂቃ ጠብቂ፣ ይረጋጋ። የዶርም ጓደኞችሽንም አስለምጃቸው፤ አንቺ ክላስ ሆነሽ ሊሆን ይችላል። እንደ ምንም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ ያለው ዕቃ) ቢኖርሽ ደግሞ 650 ቪኤው ይበቃል። ጌም ለመጨረስ ሳይሆን ሥራሽን ሴቭ አድርገሽ በሰላም ለማጥፋት።

የከዚራ ልጅ

ጠጋኝ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ግን በጣም ትንሽ ለሚፈልግ ሰው ሌላም መንገድ አለ። እኔ ድሬዳዋ ሆኜ የምጠቀመው አስሮክ ዴስክሚኒ ኤክስ300 ነው። ከሁለት ሊትር አያልፍም፤ የእንጀራ ምሳ ዕቃ ያክላል። ራይዘን 5 5600ጂ ገጥሜበታለሁ፤ ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር ነው። የላፕቶፕ ራም ስለሚቀበል ከሁለት የተሰበሩ ላፕቶፖች ነቅዬ ነው ያስገባሁት። አንድ ራም ብቻ እያለው ጌሙ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለተኛውን ስጨምር ሌላ ማሽን ሆነ።

ደካማ ጎኑን ልንገርሽ። ከ46 ሚሊሜትር የረዘመ ኩለር አይገባበትም። ድሬ በሚያዝያ ስትሞቅ ፋኑ ይጮኻል። አዳዲስ ጌሞችን በ720ፒ፣ ዝቅ ባለ የምስል ጥራት፣ ነው የምጫወተው። ካርድም አይጨመርበትም። የእኔን ያመጣልኝ ጅቡቲ የሚመላለስ የአክስቴ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ሱቅ ላይ አይቼው አላውቅም።

ጠጋኝ ከፒያሳ

የከዚራ ልጅ፣ ያንተ ምርጫ ብዙ ለሚንቀሳቀስ ሰው ጥሩ ነው። እሷ ግን ሶሊድወርክስ አለባት፤ ካርድ ነገ ልቀይር ብላለች። ለዚያ ነው ስሎት ያለውን ያልኩት።

ሙቀት ካነሳህ አይቀር፣ አዲስ አበባም ብትቀዘቅዝ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ግድም ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋን እንደ ቆላው አይጠርግላትም። የስላሽ ማሽን ቴርማል ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) ደግሞ ደርቆ ነው የሚመጣው። እሱን መቀየር አይታለፍም።

ትዕግስት ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ከአሜሪካ ለወንድሜ አንድ ካርድ በሻንጣ ልኬ ያጋጠመኝን ልናገር። ካርዱ ሎው ፕሮፋይል ነው፤ የተገጠመበት ብረት፣ ብራኬቱ፣ ግን ረጅሙ ነበር። አጭሩ ብራኬት ካርቶኑ ውስጥ ለብቻው ነው የሚመጣው። ያገለገለ የሚሸጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይጥሉታል። ወንድሜ ኬዙን መዝጋት አቅቶት ሦስት ወር ክፍቱን ተጠቀመ። እህቴ፣ የሚያመጣልሽ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት «አጭሩ ብራኬት አለው?» ይበል። ፎቶ ይላክልሽ።

የዶርም ልጅ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የመጀመሪያው ሱቅ ያሳየኝ ጂ4 ባዮሱ ተቆልፎ ነበር። ሻጩ «ችግር የለውም፣ አያስፈልግሽም» አለኝ። ጠጋኝ ባይነግረኝ እገዛው ነበር፤ ትቼው ወጣሁ። ሁለተኛው ቦታ አይ 5-8500፣ ሁለት ባለ 8 ራም እና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው በ31 ሺህ አገኘሁ። ካርዱን የክፍሌ ልጅ እህት ከዱባይ ይዛልኝ መጣች፤ 1650 አጭሩ፣ 12,500 ብር። ትዕግስት፣ ብራኬቱን ፎቶ አስልኬ ነው ያስገዛሁት። አዳፕተሩ 600 ብር ሆነ።

ራሴ ነኝ የገጠምኩት። ካቻቢቴ እንኳ አላስፈለገኝም፤ የኤችፒው ክዳን በእጅ ይከፈታል፣ ስሎቱም በማቀፊያ ነው የሚያዘው። ለካርዱ ብራኬት ብቻ ትንሽ መፍቻ ተዋስኩ። መጀመሪያ ሳበራው ስክሪኑ ጨለማ ሆነ፤ ልቤ ቀጥ አለ። ለካ ገመዱን ከካርዱ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ጋር ነው የሰካሁት።

ጂቲኤ 5 በ1080ፒ ከ60 ፍሬም በታች ሲወርድ አላየሁም። ጌሙን ዳውንሎድ አላደረግኩም፤ የሚከፈለው ዳታ ያስፈራል። ጂቲኤው ያላት ጓደኛዬ በስቲም ባክአፕ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጣ ሰጠችኝ፤ እኔ ጌሙን በራሴ አካውንት ገዝቼ እሱን ብቻ ጫንኩት። ካውንተር ስትራይክ ከወንድሜ ጋር በዱባይ ሰርቨር እንገባለን። ድምፁን ከሰማሁት ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ትናንት እስከ እኩለ ሌሊት በሹክሹክታ ስንጫወት የዶርም ልጆች ትራስ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ሶሊድወርክስም የጊር ቦክስ አሴምብሊዬን ሳይንተፋተፍ ያዞረዋል።

ሎከሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ከጎኑ ደብተሮቼም ይተርፋሉ።

ቀሪዬ 3,900 ብር ነው። ዩፒኤስ ጠየቅኩ፣ አይደርስም። ለአሁን በሩ ጀርባ ላይ «መብራት ሲሄድ ንቀሉት» ብለን ለጥፈናል። አንድ ጥያቄ አለኝ ጠጋኝ፦ ጌም ላይ ፕሮሰሰሩ 88 ዲግሪ ይደርሳል። ፔስቱ ነው?

ጠጋኝ ከፒያሳ

ፔስቱ ነው፣ አቧራም ይኖረዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ይዘሽው ነይ፤ ሱቁን የት እንዳለ በውስጥ እጽፍልሻለሁ። አብረን እንቀይረዋለን፣ አንቺ ትቀቢዋለሽ።

ስትመጪ ብሩን አታጥፊው። ባትሪው የሞተ 650 ዩፒኤስ መደርደሪያዬ ላይ አለ። ቦርዱ ደህና ነው። 12 ቮልት 7 አምፔር-አወር ባትሪ ብቻ ገዝተሽ ነይ፤ ሌላው ከእኔ።